የብሬግዚትን ጥፋት በመራጩ ጫንቃ ላይ ብቻ አንጫን

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጋዜጣዎ የአስተያየት ዓምድ ላይ፣ ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለ መውጣቷ፣ ማለትም ስለ ብሬግዚት፣ የቀረበውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የ2016ቱን ሕዝበ ውሳኔ፣ ያልተማረ ሕዝብ በስደተኛ ጥላቻ ተነድቶ በራሱ ላይ የፈረደበት ቀን አድርገው አቅርበውታል፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የአራት ዓመት ንትርክም የዚያው ድንቁርና ተከታይ ነው ብለዋል። እኔ ያን ዓመት ጨምሮ ስምንት ዓመት የኖርኩት በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሊንከንሻየር በምትገኘው ቦስተን ከተማ ነው። ቦስተን በመላው ብሪታኒያ ከፍተኛው የ«እንውጣ» ድምፅ፣ ማለትም 75.6 በመቶ፣ የተመዘገበባት ወረዳ ናት። የብሪታኒያ ዜግነት ስለነበረኝ እኔም በዕለቱ ድምፅ ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትም «እንቆይ» ለሚለው ነው። ከተሸነፈው ወገን ብሆንም፣ የጸሐፊው ፍርድ ጎረቤቶቼን የበደለ፣ ዋናውን ጥፋተኛም ያስመለጠ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለት አልቻልኩም። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ቦስተን ዙሪያዋን ለጥ ባለ የእርሻ መሬት የተከበበች፣ ጥቅል ጎመንና ድንች ለአገሪቱ ገበያ የምታቀርብ ትንሽ ከተማ ናት። እኔ የሠራሁት በአትክልት ማሸጊያ ሲሆን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥቼ ከአጠገቤ ከሚቆሙት የፖላንድ፣ የሊትዌኒያና የላትቪያ ሰዎች ጋር እስከ ቀትር ድረስ ጎመን ስመርጥና ሳሽግ እውል ነበር። እነዚህ ሰዎች በዚያ ቁጥር ወደዚያች ከተማ የመጡት እንዲያው በአጋጣሚ አልነበረም። በሜይ 2004 አሥር አገሮች ኅብረቱን ሲቀላቀሉ፣ ጀርመንና ኦስትሪያ ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ ለሚመጡ ሠራተኞች የሥራ ገበያቸውን እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ገድበው ቆይተዋል፤ ይህን ማድረግም በኅብረቱ ሕግ የተፈቀደ ነበር። ከነባሮቹ አባላት መካከል ወዲያውኑ በራቸውን የከፈቱት ብሪታኒያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ናቸው። የብሪታኒያ መንግሥት ባስጠናው ጥናት ይመጣሉ ተብሎ የተገመተው በዓመት ከ5,000 እስከ 13,000 ሰው ነበር፤ የመጣው ግን የዚህ ብዙ እጥፍ ሆነ። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 64,600 ያህል ነዋሪ ከነበራት ቦስተን ውስጥ ከአሥር ሰው አንዱ ከእነዚህ አዳዲስ አባል አገሮች የመጣ ነበር።

የቁጥሩ ትርጉም የሚገባው ቤት ለመከራየት የሞከረ ሰው ነው። መጀመሪያ በተከራየሁበት ቤት ሳሎኑ በጣውላ ተከፍሎ ሁለት መኝታ ቤት ሆኖ ነበር፤ ሌሊት የሚሠራው ሰው ማታ ከአልጋው ሲነሣ ቀን ሲሠራ የዋለው እዚያው አልጋ ላይ ይተኛል። ለባለቤቱ እንዲህ በአልጋ ማከራየቱ ለአንድ ቤተሰብ ከማከራየት እጅግ የበለጠ ገንዘብ ያስገኝለት ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ልጆች ያሏት የከተማዋ ተወላጅ ለዚያ ቤት ስትጠይቅ መልሱ «የለም» ይሆናል። በክሊኒክ ተራ የምትጠብቀው፣ ለልጇ በአቅራቢያዋ ትምህርት ቤት ቦታ ያጣችው እሷው ናት። የመጤው ቁጥር በድንገት ያሻቀበባቸውን እንዲህ ያሉ አካባቢዎች ለመደጎም የተቋቋመ አንድ የመንግሥት ፈንድ ነበር፤ እሱም በ2010 ተሰረዘ። የሰረዘው ግን የኅብረቱ መቀመጫ ብራስልስ ሳይሆን ለንደን ነው። በ2004ም ገደብ ላለማድረግ የወሰነው ለንደን ነው። የቦስተን ሰው ቅሬታ እውነተኛ ነበር፤ ቅሬታውን የሰነዘረው ግን በበደለው የለንደን ባለሥልጣን ላይ ሳይሆን፣ በብዙ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ በገባው የድምፅ መስጫ ወረቀት አማካይነት በኅብረቱ ላይ ነው።

ድምፅ የተሰጠበት ማግስት፣ ጁን 24 ቀን 2016፣ ዓርብ ነበር። በማሸጊያው ውስጥ ከማሽኑ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከጎኔ የምትሠራው፣ አሥር ዓመት በዚያች ከተማ ግብር የከፈለችና ሁለት ልጆች የወለደች ፖላንዳዊት ጎመኑን እያየች ሳይሆን ዝም ብላ በእጇ ብቻ ትሠራ ነበር። በዕረፍት ሰዓት የመስመራችን ኃላፊ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው እንግሊዛዊ፣ ሻይ ይዞላት መጣና ከፊቷ አስቀምጦ «ስለ አንቺ ብዬ አይደለም፤ ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ» አላት። «ታዲያ ስለ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችው። ለረጅም ጊዜ አሰበ፤ መልስ ሳይሰጣት ወደ ሥራው ተመለሰ። ያ ሰው የታመመች ልጇን ሐኪም ቤት ያደረሰላት፣ ደመወዟ ሲጎድል ከኤጀንሲው ጋር የተከራከረላት ሰው ነው። ዘረኛ ነው ብትሉኝ አልቀበልም። ለጥያቄዋ መልስ ያጣው ግን ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ ድምፅ የሰጠበት ነገር ምን እንደሆነ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረው ይመስለኛል።

የምከራከረውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የተጻፈው ጥያቄ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ዩናይትድ ኪንግደም የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆና ትቀጥል ወይስ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ የሚል። «ትቀጥል» የሚለው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሰው የሚኖርበት ነገር ነውና። «ትውጣ» የሚለው ግን ብዙ ትርጉም ነበረው። ኖርዌይ የኅብረቱ አባል አይደለችም፤ ነገር ግን ዕቃ፣ አገልግሎት፣ ገንዘብና ሰው በነፃነት በሚዘዋወርበት በአንድ ወጥ ገበያው ውስጥ ስላለች የኅብረቱን ደንብ ትከተላለች፣ ገንዘብ ታዋጣለች፣ ሠራተኞችም በነፃነት ይገቡባታል። ቱርክ በጉምሩክ ኅብረት፣ ማለትም እርስ በርስ ቀረጥ ሳይጠያየቁ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ቀረጥ በመጣል፣ የተሳሰረች ናት፤ የሰው ዝውውሩ ግን የለም። ካናዳ ያላት የንግድ ስምምነት ብቻ ነው። ከእነዚህ መካከል የትኛውም «መውጣት» ሊባል ይችላል፤ በውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የእኛ ሰው «ውጣ የጎመን ምንቸት፣ ግባ የገንፎ ምንቸት» ሲል የሚወጣውንም የሚገባውንም ለይቶ ያውቃል። የ2016ቱ ወረቀት የያዘው የሚወጣውን ምንቸት ብቻ ነበር፤ የሚገባውን እያንዳንዱ መራጭ በልቡ እንደ ምኞቱ ሣለው። ዓሣ አጥማጁ ባሕሩን፣ የቦስተኗ እናት ቤቱን፣ የለንደኑ ባለሀብት ደግሞ ከደንብ ነፃ የሆነ ገበያውን አየበት። 17.4 ሚሊዮን ሰው አንድ ቃል መረጠ እንጂ አንድ ነገር አልመረጠም።

ይህን ማስቀረት ይቻል እንደነበር የአገሪቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ብሪታኒያ በ1973 የኅብረቱ ቀዳሚ የነበረውን የአውሮፓ ማኅበር ከተቀላቀለች በኋላ በጁን 1975 በዚሁ ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ 67.2 በመቶው መቆየትን መርጧል። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን አስቀድመው ተደራድረው የተገኘውን ውጤት ይዘው ቀረቡ፤ የመንግሥትም፣ የደጋፊዎችም፣ የተቃዋሚዎችም ሐሳብ የተጻፈበት ሦስት ትንንሽ መጽሔት ለየቤቱ ተላከ። በ2011 የምርጫ ሥርዓት ለመቀየር ሕዝብ ሲጠየቅ ደግሞ፣ «አዎን» ቢያሸንፍ የሚሠራበት ሕግ ከነዝርዝሩ አስቀድሞ በፓርላማ ጸድቆ ነበር። በ2016 ግን ይህ ሁሉ አልተደረገም። የ2015ቱ የሕዝበ ውሳኔ አዋጅ ውጤቱ ምን እንደሚያስከትል አንድም ቃል አይናገርም። የጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞች «መውጣት» ቢያሸንፍ ምን እንደሚደረግ ዝግጅት እንዳያደርጉ ከለከለ፤ የፓርላማው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በኋላ ይህን «ከባድ ቸልተኝነት» ሲል ነቅፎታል። ውጤቱ በታወቀበት ዕለት ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ሕዝቡን ጠይቀው መልሱን ለሌላ ሰው ትተው ሄዱ። በእኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ የኃላፊነት ጉድለት በዚያ ዘመን አልታየም፤ ጸሐፊው ግን አንድም ቦታ አላነሡትም።

በቅስቀሳው ወቅት የተነገሩትን ቁጥሮች በተመለከተ ብዙ ተብሏልና አላስረዝምም። የ«እንውጣ» ቀስቃሾች በተዘዋወሩበት ቀይ አውቶቡስ ላይ የተጻፈው፣ በየሳምንቱ ለኅብረቱ ይላካል የተባለው 350 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በ1984 ከአገሪቱ መዋጮ ላይ ያስገኙትን ቅናሽ ያልቀነሰ በመሆኑ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣን አሳሳች ነው ብሎታል። በእኛ በኩልም የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦዝቦርን «መውጣት» ካሸነፈ የግብር ጭማሪ ያለበት አስቸኳይ በጀት ይመጣል ብለው አስፈራሩ፤ ያም በጀት አልመጣም። ሕዝቡ ሁለቱንም ሰማ። የመስመር ኃላፊያችን «በሁለቱም ወገን ያለው ሰው እኔን እንደ ሕፃን ነው የሚያናግረኝ» ሲል የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የፓርላማ ንትርክም ጸሐፊው «የሕዝብን ድምፅ የመቀልበስ ሴራ» እያሉ ጠርተውታል፤ በሌላ አንቀጻቸው ደግሞ ሕዝቡን ደንቆሮ ብለዋል። ሁለቱ እንዴት እንደሚስማሙ አልገባኝም። እውነቱ ግን ካሜሮንን የተኩት ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ በጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ያቀረቡት የመውጫ ስምምነት በ432 ለ202 ሲወድቅ፣ ከተቃወሙት መካከል ስምምነቱ በጣም የላላ ነው የሚሉም፣ በጣም የከረረ ነው የሚሉም፣ ጨርሶ መውጣት የለብንም የሚሉም ነበሩ። በማርች 27 ምክር ቤቱ ራሱ ስምንት አማራጮች ዘርዝሮ አንድ በአንድ ድምፅ ሰጠባቸው፤ ስምንቱም ወደቁ። በኤፕሪል 1 አራቱ እንደገና ቀረቡ፤ በጉምሩክ ኅብረት ውስጥ መቆየት የሚለው በ276 ለ273፣ በሦስት ድምፅ ብቻ፣ ወደቀ። ያን ምሽት በቴሌቪዥን ስከታተል አፈ ጉባኤው ውጤቱን ሲያነብቡ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ 650 የሕዝብ ተወካዮች ከነሕግ ባለሙያዎቻቸው ሦስት ዓመት ተከራክረው ያልተስማሙበትን ጉዳይ ለአንድ የጎመን አሻጊ በእርሳስ ምልክት አድርገህ ወስን ማለት ፍትሕ አልነበረም።

ከዚያ ዘመን ልቤን የሰበረው ግን የድምፅ ቆጠራው አልነበረም። የምክር ቤት አባሏ ጆ ኮክስ ድምፅ ሊሰጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጁን 16 ቀን 2016፣ መራጮቻቸውን ሊያገኙ በሄዱበት በጠራራ ፀሐይ ተገደሉ። ከዚያም በኖቬምበር፣ ሦስት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞች መንግሥት ያለ ፓርላማ ፈቃድ የመውጫውን ሂደት መጀመር አይችልም ብለው በመፍረዳቸው፣ ዴይሊ ሜይል የተባለው ጋዜጣ ፎቶግራፋቸውን በፊት ገጹ አውጥቶ «የሕዝብ ጠላቶች» ብሎ ጻፈባቸው። ጋዜጣው በማሸጊያው የዕረፍት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። እኔ ልጅነቴን በደርግ ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው «ፀረ ሕዝብ» ከተባለ በኋላ ምን እንደሚከተል በሰፈራችን አይቻለሁ። ለንደን አዲስ አበባ እንዳልሆነች፣ ዳኞቹም በሰላም ወደ ቤታቸው እንደገቡ አውቃለሁ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጃንዋሪ 2017 ፍርዱን በ8 ለ3 አጽንቶታል። ነገር ግን ጋዜጣውን አጥፌ ቅርጫት ውስጥ ስጨምረው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጸሐፊው በሁለት መስመር ያለፉት የሰሜን አየርላንድ ጉዳይም የጥያቄውን ጎዶሎነት ከሁሉ ይልቅ ያጋልጣል። በአየርላንድ ደሴት ላይ፣ የብሪታኒያ አካል በሆነችው ሰሜን አየርላንድና የኅብረቱ አባል በሆነችው አየርላንድ መካከል ያለው ድንበር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከ200 በላይ መሻገሪያዎች አሉት፤ ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ መደበኛ ፍተሻ ሳይኖርበት ሰዎች እርሻቸውን ከወዲያና ከወዲህ ያርሳሉ። ብሪታኒያ ከጉምሩክ ኅብረቱ ከወጣች አንድ ቦታ ላይ ፍተሻ መኖሩ ግድ ነው፤ ወይ በዚያ ድንበር፣ ወይ በሰሜን አየርላንድና በቀሪው ብሪታኒያ መካከል ባለው ባሕር ላይ። የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጆን ሜጀርና ቶኒ ብሌር ድምፅ ከመሰጠቱ ሁለት ሳምንት በፊት አብረው ወደዚያ ሄደው አስጠንቅቀው ነበር። በቦስተን ግን ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ አንድም ቀን አልሰማሁም። በመጨረሻ ፍተሻው ወደ ባሕሩ ሄደ፤ ሰሜን አየርላንድ በ55.8 በመቶ መቆየትን የመረጠች መሆኗም አልጠቀማትም።

ድምፅ መስጠት የተፈቀደለትና የተከለከለው ማን እንደነበረም መነሣት አለበት። ያቺ ፖላንዳዊት አልተፈቀደላትም፤ በጣሊያን ወይም በሆላንድ ዜግነት አግኝተው ወደ ብሪታኒያ የተሻገሩ ወገኖቻችንም እንዲሁ። ለእነሱ ቤታቸው፣ ሥራቸውና የልጆቻቸው ትምህርት የተንጠለጠለበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ በዳር ቆመው ከመመልከት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እስከ ጁን 30 ቀን 2021 ድረስ አዲሱን የነዋሪነት ማረጋገጫ እንዲያመለክቱ ተነገራቸው። ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በአዳራሹ ተቀምጬ ለአንዲት እናት ማመልከቻውን በስልኳ ስሞላላት፣ «የጣሊያን መታወቂያ ያገኘሁት ሃያ ዓመት ጠብቄ ነው፤ እንደገና ልጀምር ነው እንዴ ልጄ?» ያሉኝን አልረሳውም። በለንደን በርበሬና ሽሮ የሚያከፋፍል የማውቀው ነጋዴም ቀድሞ ለፍራንክፈርት ደንበኞቹ ሣጥን ሲልክ አድራሻ ከመጻፍ በቀር ሌላ ወረቀት አያውቅም ነበር። ከ2021 መባቻ ወዲህ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይሞላል። በዲሴምበር 24 ቀን 2020 የተደረሰው የንግድ ስምምነት ቀረጥ አስቀርቷል ቢባልም፣ ያ የሚሠራው የብሪታኒያ ወይም የኅብረቱ ምርት ለሆነ ዕቃ ነው፤ ከኢትዮጵያ መጥቶ በለንደን መጋዘን ያደረ በርበሬ የብሪታኒያ ምርት አይሆንም። ነጋዴው የጀርመን ደንበኞቹን ከሞላ ጎደል አጥቷል።

በአንድ ነጥብ ጸሐፊው ትክክል ናቸውና ልሸሽገው አልፈልግም። ጥላቻ ነበረ። ከውጤቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት በፖሊስ የተመዘገቡ የዘር ጥቃቶች ጨምረዋል፤ እኔም በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ «አሸንፈናል፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ» ተብያለሁ። ይህን ያለኝ ወጣት በቦስተን ከሚኖሩት ድምፅ ሰጪዎች አንዱ ነው፤ ሻዩን ያመጣው ኃላፊያችንም አንዱ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የመጀመሪያውን ማክበር፣ ሁለተኛውን ደግሞ ፊት መንሳት ይሆናል። ደግሞም «መውጣት» ለቦስተን እናት ቤት አላስገኘላትም። ወደ ብሪታኒያ የገባው ሕዝብ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር ያለው ልዩነት በ2023 አጋማሽ ላይ በዓመት ከ900,000 በላይ ደርሶ ነበር፤ አብዛኛው መጤ የኅብረቱ ዜጋ ያልሆነ ነው። የቤቱ፣ የክሊኒኩና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ እስከ ዛሬ የለንደን ባለሥልጣናትን ደጅ ይጠናል።

አሁን በብሪታኒያ «እንደገና እንግባ» የሚለው ድምፅ እየበረታ ነው፤ በሜይ 2025 ሁለቱ ወገኖች በለንደን ተገናኝተው በዓሣ ማጥመድ መብት እስከ 2038 ድረስ ተስማምተዋል፤ የምግብ ፍተሻውን ለማቃለልም መነጋገር ጀምረዋል። እኔ ልቤ ከ«እንግባ» ባዮች ጋር ነው፤ በሰልፋቸውም ወጥቼ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ባልደረቦቼን የምጠይቃቸው፣ መልስ ያላገኘሁላቸው ጉዳዮች አሉ። ፓውንድ ትተን ዩሮ እንወስዳለን? ታቸር ያስገኙት ቅናሽ ይመለስልናል ወይስ ሙሉውን እንከፍላለን? የሠራተኛው በር ዳግመኛ ሲከፈት ለቦስተንና ለመሰሎቿ የቤትና የክሊኒክ ገንዘብ ከየት ይመጣል? እነዚህ በጽሑፍ ሳይመለሱ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሌላ ወረቀት ቢቀርብልኝ፣ ለምወደው ወገንም ቢሆን ምልክት አላደርግበትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣው የረጅም ጊዜ አንባቢ
ከለንደን